የጋሽ መሐሪ ብልቃጦች

ጋሽ መሐሪ መሞታቸውን የሰማሁት በባስ ሬዲዮ ነው። ከዴንቨር ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነው የምነዳው። አሥራ አንድ ሰው ከነሻንጣው ጭኜ ወደ ተርሚናሉ እየወጣሁ ሳለ ስምሪት የሚሰጠን ዲስፓቸር፣ የአገር ልጅ ነው፣ በአማርኛ "ታደሰ፣ ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት አርፈዋል አሉ። ደግሞ አራት ቁጥር ባስ ጎማው ይታይ" አለኝ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ! እኔም "ኮፒ" አልኩት፤ ሰምቻለሁ ለማለት። በቃ፣ ያ ሰው ሲሞት ከአፌ የወጣው ቃል ይኸው ነው። መንገደኞቹን አወረድኩ፣ ሻንጣቸውን ሰጠሁ፣ ባሱን አዙሬ ተመለስኩ።

ከሥራ ስወጣ ስልኩ አላስቀምጥ አለኝ። የሚደውለው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ "ነፍስ ይማር፣ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ምን ዋጋ አለው መጠጡ ገደላቸው እንጂ።" ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በሚናገሩት ሰዎች አይደለም የምናደደው፤ እነሱ ያዩትን ነው የሚያወሩት። በማን እንደምናደድ እየቆየሁ እናገራለሁ፤ አሁን በአንዴ ከአፌ አይወጣልኝም።

የተዋወቅነው እዚያው ፓርኪንግ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር እሳቸው ዓመት አልፏቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ጊዜው የሁለታችን አገር ጦርነት ገና ያበቃበት ነው። በብሬክ ሩሙ፣ በማረፊያ ክፍላችን፣ የእኛ ሰው አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ የኤርትራ ሰው ሌላው ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚበላው፤ ማንም ደንብ አላወጣም፣ ግን እንደዚያ ነበር። እሳቸው ምሳቸውን ይዘው መጡና እኔ ፊት ለፊት ቁጭ አሉ።

"እዚያ ማዶ ስለ ጦርነት ነው የሚያወሩት። እዚህስ ስለ ምንድነው?" አሉኝ።

"እዚህም ስለ ጦርነት ነው ጋሽዬ። እኔ ግን ዝም ነው የምለው።"

"ጎሽ! እንግዲያው እኔ ስለ ዓሣ ላውራህ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ሰውየው ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓሣ ምርምር ጣቢያ የሠሩ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይጠራል። "ባሱን ፓርክ አደረግኩት" ስላቸው "አቆምኩት ብትል ምን አነሰህ?" ይሉኛል። ሲቆጡም ሲወዱም "ወደይ" ነበር የሚሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። የትኛው ቁጣ፣ የትኛው ፍቅር እንደሆነ ከቅንድባቸው ነበር የምለየው።

አንድ አመል ነበራቸው። ሰው "ሁሉም እንዲህ ነው" ሲል ከሰሙ አያልፉም። "ስንት ቆጠርክ?" ይሉታል። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር "ኤርትራውያን ሲባሉ ትዕቢተኞች ናቸው" ሲል ሰምተው፣ ሳንድዊቻቸውን አስቀምጠው "ስንት ቆጠርክ?" አሉት። ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "የለም፣ ልወቀው። አምስት? መቶ? ያልቆጠርከውን አታውራ" አሉትና ሳንድዊቻቸውን አነሱ። ባለቤቴ መሠረትም "ኦሮራ ከተማ ሙሉ በጉንፋን ተይዟል" ብላ አታመልጥም። እሷ ደግሞ መልስ አታጣም፤ "እኔ የጌታ ባሪያ ነኝ እንጂ የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ አይደለሁም" ትላቸዋለች። ያን ጊዜ ይስቃሉ፤ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ነው የሚንቀጠቀጠው።

ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ያለችውን ታውንሃውሳችንን እንደገዛን ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ለእሳቸው አከራየን። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ሱፐርማርኬት እንሄድ ነበር። የዓሣውን ካውንተር ሳያዩ አይወጡም፤ አይገዙም፣ ያያሉ እንጂ። ዓይኑን ያያሉ፣ መተንፈሻ ስንጥቡን ከፍተው ቀለሙን ያያሉ፣ ሻጩ ይቆጣል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው "አሽትትልኝ" ይሉኛል። እሳቸው አያሸቱም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ እንዳይበሰብስ የሚነክሩበት ፎርማሊን የሚባል መርዝ አፍንጫቸውን ጨርሶታል። ወጥ ቢያርር፣ ጋዝ ቢፈስ አያውቁም። "አንተ አፍንጫዬ ነህ" ይሉኝ ነበር። እኔም አጎንብሼ እያሸተትኩ "ትኩስ ነው"፣ "ትንሽ ሰንብቷል" እላቸዋለሁ። አንዴ እንኳ "እርግጠኛ ነህ?" ብለውኝ አያውቁም። ነገርን ሁሉ ካልቆጠሩ የማያምኑ ሰው አፍንጫዬን ግን አምነውታል።

ብልቃጦቹን ያሳዩኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። የጫማ ካርቶን ሙሉ ትንንሽ ብልቃጥ፣ አርባ ሁለት። በእያንዳንዱ ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ነገር። በእርሳስ የተጻፈች ወረቀትም አብራ ተነክራለች። "በእስክሪብቶ ብትጽፈው አልኮሉ ይበላዋል። እርሳስን ግን አይነካውም" አሉኝ። ከዚያ አልጋቸው ላይ ቁጭ አድርገው ነገሩኝ።

"ከምጽዋ ወደ ሰሜን ስትሄድ ባሕሩ በጠባብ አፍ ወደ የብስ ይገባና ይተኛል። ፈረንጅ ላጉን ይለዋል፣ እኛ ኩሬ እንበለው። በሐምሌ ውሃው ገላ ያቃጥላል፤ ጨዉ ደግሞ አይጣል ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ብርማ ዓሣ አለ። ያው ዓሣ ውጭም፣ ክፍት ባሕሩ ላይ፣ አለ። ጎን ለጎን ብታጋድማቸው እናታቸው አትለያቸውም።"

"ታዲያ አንድ ናቸዋ!"

"አለቆቼም እንዳንተ ነው ያሉት፤ 'ዓሣ ዓሣ ነው።' እኔ ግን ከባሕሩ ሃያ ዓሣ አምጥቼ ኩሬው ውስጥ በመረብ አጥሬ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሃያውም ሞተው ሆዳቸው ወደ ላይ ተገልብጧል። አጠገባቸው የኩሬው ልጆች ይጫወታሉ! የኩሬው አፍ ክፍት ነው ወደይ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ግን ስንት ዘመን ሙሉ አልተዋለዱም፤ ደማቸው ተለያይቷል። እኛ ሳንለያይ ተለያየን ብለን ተጋደልን፤ እነሱ ተለያይተው አንድ ናችሁ ተባሉ።"

ነገሩ የዕውቀት ብቻ አልነበረም። ኩሬውን አጥምዶ ባዶ ለማድረግ፣ ከዚያ ደልድሎ መጋዘን ለመሥራት የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። "ዓሣው ቢያልቅ ባሕሩ ይተካዋል" አሉ። ጋሽ መሐሪ "አይተካም፣ የባሕሩ ዓሣ እዚህ አይኖርም" ብለው ተከራከሩ። ማስረጃ አምጣ ተባሉ። ጀልባ ተከራይተው ከኩሬው ሃያ አንድ፣ ከባሕሩ ሃያ አንድ ዓሣ ያዙ፤ ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ ትንሽ ቆርጠው አልኮል ውስጥ አደረጉ፣ ዓሣውን መልሰው ለቀቁ። የዘር ምርመራ የሚያደርግ ላቦራቶሪ ሳያገኙ ጦርነቱ መጣ፤ እሳቸውም አገር ለቀው ወጡ። ብልቃጦቹን በካልሲ ጠቅልለው ይዘዋቸው መጡ። ከኋላቸው ኩሬው ባዶ ሆነ፣ ተደለደለ። የባሕሩ ዓሣ ሊተካው ቀርቶ የሚገባበት አፍም የለም።

"አሁን ያ ዓሣ የትም የለም" አሉኝ፣ እጃቸውን ካርቶኑ ላይ አድርገው። "ያለው እዚህ ነው። በዚያ ዳርቻ ሌሎች አምስት ኩሬዎች አሉ። ተራቸውን ነው የሚጠብቁት። ይህ ተመርምሮ ከታተመ ግን ማንም 'ባሕሩ ይተካዋል' ብሎ አፉን አይከፍትም። ለዓሣ አጥማጆቹ ምዬላቸዋለሁ።"

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቃለሁ ማለት ነው። አላወቅኩም ብል ውሸቴን ነው።

ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪ ፍለጋ ስንት ደብዳቤ ጻፉ መሰላችሁ! መልስ የሚሰጥ የለም። የሻትል ሹፌር ነው፣ ማን ይሰማዋል። በመጨረሻ ዴንቨር ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ወጣት ዶክተር ደወለችላቸው። በዚያ ቀን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወጥተው መሠረትን እጇን ሳሟት። ዶክተሯ የፈረንጆቹን በጋ ሌላ አገር ስለምታሳልፍ መስከረም ላይ ይዘው እንዲመጡ ቀጠረቻቸው። እስከዚያው አልኮሉ እንዲታደስ ነግራቸዋለች፤ በየዓመቱም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ጠንካራው አልኮል፣ ዘጠና አምስት ፐርሰንቱ፣ የሚሸጠው ሊከር ስቶር፣ መጠጥ መሸጫው፣ ነው። ቅዳሜ ሄደው አንድ ትልቅ ጠርሙስ በቡናማ ከረጢት ይዘው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ወንድም ጌታሁን ለመኪናው ቤንዚን እየሞላ ነበር።

ወንድም ጌታሁን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ መጠጥ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። በዚያ ሰሞን ደግሞ እኔ ለሽማግሌነት ታጭቼ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከአገሬ ሕግ ተምሬ መጥቼ ስምንት ዓመት ሻንጣ አንሺ ነኝ፤ ማንም "አቶ" ብሎኝ አያውቅም። ያቺ ሽማግሌነት ለእኔ ብዙ ነገር ነበረች። ፈለግኳት፤ በጣም ፈለግኳት።

ጌታሁን እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"ወንድም ታደሰ፣ ቤትህ ውስጥ ያለው ሰው ይጠጣል።"

"የለም፣ እሳቸው ቢራ እንኳ አይቀምሱም። አልኮሉ ለዓሣ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ከት ብሎ ሳቀ! "የሚጠጣ ዓሣ ያለው ቤትህ ብቻ ነው። ወንድሜ፣ ጠጪ ምክንያት አጥቶ ያውቃል? ቅዳሜ እኔና ወንድሞች መጥተን ቤቱን ዞረን እንጸልያለን። ሽማግሌ የሚሆን ሰው ቤቱ ንጹሕ ይሁን።"

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ጋሽ መሐሪን "ጠርሙሱን ለአንድ ሳምንት ሌላ ቦታ ያኑሩልኝ" ማለት ነው። ግን እንዴት ብዬ? ሽማግሌ ሰው "ጠጪ ነዎት ተብለዋል" ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ሌላው ጌታሁንን "ቤቴ ነው፣ አያገባህም" ማለት ነው። እሱንማ አላሰብኩትም። ሁለቱንም ሳላስቀይም የማልፍበት ሦስተኛ መንገድ አገኘሁና በራሴ ብልጠት ተደሰትኩ። ዓርብ ጋሽ መሐሪ ሥራ ላይ እያሉ ቤዝመንት ወረድኩ፣ ጠርሙሱን ሲንኩ ላይ ደፋሁት፣ ከቧንቧው ውሃ ሞላሁበት፣ መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት። ጌታሁን ቢያሸት ውሃ ነው፣ እሱ ያፍራል እንጂ እኔ አልከሰስም። እሳቸው ደግሞ ጠርሙሳቸው ቦታው ነው። ጸሎቱ ካለፈ በኋላ እተካዋለሁ አልኩ። ለመሠረት ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። "ሳያውቁ ቢጨምሩበትስ?" አለችኝ። ምን ብላት ጥሩ ነው? "ዓሣ ከውሃ ጋር ምን ጠብ አለው?"

እንዲህ አልኳት። በዚች አፌ።

ቅዳሜ ጌታሁን ከሁለት ወንድሞች ጋር መጣ። ቤቱን እየዞሩ እየጸለዩ ቤዝመንት ወረዱ። ጋሽ መሐሪ አልነበሩም። ጌታሁን ጠርሙሱን አነሣ፣ ከፈተ፣ አሸተተ። እኔ አሁን ያፍራል ብዬ እጠብቃለሁ።

"አያችሁ?" አላቸው ወንድሞቹን። "ጨርሶታል። ሰው እንዳያውቅበት ውሃ ሞልቶ አስቀምጦታል። የጠጪ ብልጠት ይህ ነው።"

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ? "ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ" ካልኩ "ምን ልትደብቅ?" ይሉኛል። ጌታሁን እጁን ጠርሙሱ ላይ ጭኖ የመጠጥን መንፈስ ገሠጸ። በቧንቧ ውሃ ላይ! ብስቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አብሬ ጸለይኩ።

ቀሪው አልኮሉን መተካት ነበር። ሊከር ስቶር መግባት ግን ማለት ቀላል ነው። ጌታሁን በዚያ መንገድ ያልፋል፣ የመዘምራን መሪዋ ከጎኑ ያለው ላውንድሪ ትሠራለች። ራቅ ብዬ ሊትልተን ከተማ ሄጄ ልግዛ አልኩ፤ እዚያም የምናውቃቸው ሰዎች አሉ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ጋሽ መሐሪ ከታች ተጣሩ። ወረድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ብልቃጦቹ ተደርድረዋል፣ የጎማ ጓንት አጥልቀዋል። ጠርሙሱን ወደ እኔ ዘረጉ።

"አሽትትልኝ ወደይ። ክዳኑ ላልቶ ነበር፤ ተንኖ እንዳይሆን።"

ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ያኔ መናገር ይቻል ነበር። ጎንበስ ብዬ እግራቸውን ይዤ "ጋሽዬ፣ አጥፍቻለሁ" ብል ይቆጡኝ ነበር፤ ምናልባት ቤቴን ለቀው ይሄዱ ነበር፤ አርባ ሁለቱ ግን ይተርፉ ነበር። የሽማግሌዎቹ ምርጫ የሚቀጥለው እሁድ ነበር።

"ኧረ ይሰነጥቃል!" አልኳቸው። "ራስ ይመታል።"

"እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉኝ።

አንድ በአንድ አሮጌውን አልኮል እየደፉ ከዚያ ጠርሙስ ሲሞሉ ቆሜ አየሁ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰቻቸውም። አርባ ሁለቱንም ጨርሰው ካርቶኑን ቦይለሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። የሚቀጥለው እሁድ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ። እጅ ተጭኖ ተጸለየልኝ፣ መሠረት አለቀሰች። የምን ለቅሶ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ነሐሴ ላይ ጋሽ መሐሪ አንዱን ብልቃጥ ወደ አምፖሉ አንሥተው ሲያዩ አገኘኋቸው። "ትንሽ ደፍርሷል" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና "ወይስ የደፈረሰው የእኔ ዓይን ነው?" አሉ። "ዕድሜ ነው ጋሽዬ" አልኳቸው። ይህችንም አልኳቸው፤ ልደብቃት አልፈልግም።

መስከረም ላይ እኔው በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ሱፍ ለብሰው፣ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር። ዶክተሯ ደግ ልጅ ናት፤ "ፕሮፌሰር" እያለች ጠራቻቸው፣ ወንበር ሰጠቻቸው፣ የኩሬውን ካርታ በእጃቸው ሲስሉላት እንደ ተማሪ ቆማ አየች። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ አንዱን ብልቃጥ ከፈተች። ፊቷን መለስ አደረገች። ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውን ስትከፍት ጋሽ መሐሪ ፊቷን እያዩ ነበር።

"ታደሰ፣ ምን ይሸታል?" አሉኝ በአማርኛ።

"የበሰበሰ ዓሣ" አልኩ።

ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ይህ ኤታኖል አይደለም፣ ውሃ ነው" አለቻቸው። ሊታመን የማይችል ነገር እንደሰማ ሰው አልጮኹም። ብልቃጡን ተቀብለው ጠብታ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። አልኮል ቢሆን ወዲያው ይደርቃል፣ ቆዳም ያቀዘቅዛል። ጠብታዋ መዳፋቸው ላይ ቁጭ አለች። አልደረቀችም። ልጅቷ አዝና የተወሰኑትን እሞክራለሁ ብላ ተቀበለቻቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውላ ምንም የሚነበብ ነገር አልቀረም አለች።

ከዩኒቨርሲቲው የተመለስነው ኮልፋክስ በሚባለው መንገድ ነበር። እኔ መሪውን ይዤ አሁን ይሉኛል፣ አሁን "አሽትተህ አልነበር?" ይሉኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ቢሉኝ እናዘዝ ነበር፤ ይመስለኛል።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ጠርሙሱን ላጥበው ውሃ ሞልቼበት ይሆናል፤ ረስቼው ይሆናል። አርጅቻለሁ። አንተ ያሸተትከው ሌላ ጠርሙስ ነው የሚሆነው፤ እኔ ነኝ ያቀያየርኩት።"

አያችሁ? አፍንጫዬን ከመጠርጠር ጭንቅላታቸውን ጠረጠሩ። እኔም መንገድ መንገዱን እያየሁ "አይጨነቁ ጋሽዬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አልኳቸው። ከሁሉ በላይ ይህቺ ናት የምታቃጥለኝ።

ከዚያ በኋላ "ስንት ቆጠርክ?" ማለት ተዉ። ሰው ስለ ኤርትራ ያውራ፣ ስለ ኢትዮጵያ ያውራ፣ አይሰሙም። የበረዶው ክረምት ገብቶ አንድ ቀን ቡናማ ከረጢት ይዘው ሲመጡ አየሁ። ብልቃጥ የለ፣ የሚታደስ አልኮል የለ። ቢራ እንኳ ጨጓራቸውን የሚያቃጥላቸው ሰው በስድሳ አምስት ዓመታቸው መጠጥ ጀመሩ። ሥራ ቦታ ተመርምረው አልኮል ተገኘባቸውና ተባረሩ። መሠረት ማታ ማታ "ንገራቸው፣ ስለ ጌታ ብለህ ንገራቸው" ትለኝ ነበር። እሺ እላታለሁ፣ እወርዳለሁ፣ "እራት በልተዋል?" ብዬ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ጌታሁን "ሽማግሌ ቤት ውስጥ ሰካራም አይኖርም" አለ፤ ይህን ጊዜስ እውነቱን ነበር። እኔ ሳልናገር እሳቸው ራሳቸው ልብሳቸውን ሰብስበው ኮልፋክስ ላይ አንድ ክፍል ተከራዩ። ሲወጡ መሠረትን አቅፈው፣ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነው የኖሩት።

ልቅሶው ሊትልተን፣ የእህታቸው ልጅ ለተብርሃን ቤት ነበር። እኔና ጌታሁን ከቤተ ክርስቲያን ተወክለን ሄድን። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ የፓርኪንጉ ሹፌሮች የእኛም የእነሱም አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ለተብርሃን አጠገቤ መጥታ "ወንድም ታደሰ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ትንሽ ነገር ይበሉን" አለችኝ።

ቆምኩ። እምላችኋለሁ፣ ልናገር ነበር። መንገድ ላይ ቃላቱን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። "ጋሽ መሐሪ የተማሩ ሰው ነበሩ" ብዬ ጀመርኩ። "አንድ ትልቅ ሥራ ነበራቸው፤ የኩሬና የባሕር ዓሣ አንድ አይደለም ብለው…" እዚህ ላይ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ሰዉ ኀዘን መሰለው፤ አንዳንዱ ማልቀስ ጀመረ።

ጌታሁን ሊያግዘኝ ተነሣ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ "ወንድማችን ከብዶት ነው" አለ። "ይህን ሰው ለማዳን ብዙ ደክሟል። ጌታ ነገሩን አስቀድሞ ገልጦልን ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ገና ማንም ሳያውቅ፣ እኔና ወንድም ታደሰ ክፍላቸው ድረስ ገብተን፣ ጠርሙሱ ላይ እጅ ጭነን ጸልየናል።"

ለተብርሃን በመሐረቧ የያዘችውን ፊቷን ቀና አደረገች። አጎቷን ስትወቅስ የኖረች ልጅ አይደለችም፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በምን እንደተሰበሩ ማወቅ ነው የፈለገችው። እኔን፣ እኔን ብቻ አየችኝ።

"ያኔም ይጠጣ ነበር እንዴ?" አለችኝ። "ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊትም? ታዲያ ዓሣዎቹን ያበላሸው… ሰክሮ ነው?"

ጌታሁን "ለማንኛውም ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና፣ አሜን በሉ" አለ።

እሷ አሁንም እኔን እያየች መልስ ትጠብቃለች።

"አሜን" አልኩ።